በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር አቅራቢያ መኖር፦ የደኅንነት ወሰኖቹ ምን ይነግሩናል?

ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር በመኖሪያ አካባቢ ሲያልፍ ወላጆች አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ «ለልጆቻችን ጤና ያሰጋ ይሆን?» የሚል ነው። መልስ ፍለጋ የወጣ ዜጋ ግን 200፣ 100፣ 3፣ 1 እና 0.4 ማይክሮ ቴስላ የሚሉ የተለያዩ ቁጥሮች ያጋጥሙታል። ቁጥሮቹ የተለያዩት ለተለያዩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች በመሆናቸው ነው።

ኤሌክትሪክ ባለበት ሁሉ ሁለት መስኮች አሉ። የኤሌክትሪክ መስክ ከቮልቴጅ የሚመነጭ ሲሆን ግድግዳና ዛፍ ያዳክሙታል። መግነጢሳዊ መስክ የሚመነጨው ገመዱ ከሚሸከመው ጅረት ነው፤ ግድግዳም አያግደውም። ሁለቱም ከምንጩ በራቁ ቁጥር በፍጥነት ይቀንሳሉ። ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ፀጉር ማድረቂያ በ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት እስከ 2,000 ማይክሮ ቴስላ ሊደርስ ሲችል፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከ7 አይበልጥም። በቀጥታ ከማስተላለፊያ መስመር ሥር ያለው መግነጢሳዊ መስክ ደግሞ 20 ማይክሮ ቴስላ ያህል ሊደርስ ይችላል።

አዮን ከማይፈጥሩ ጨረሮች ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ1998 እ.ኤ.አ. ለ50 ሄርዝ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ኢትዮጵያም ለምትጠቀምበት ድግግሞሽ፣ ለሕዝብ ያስቀመጠው ማጣቀሻ 100 ማይክሮ ቴስላ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. መስኩ በሰውነት ውስጥ የሚፈጥረው ውጤት በተሻለ ስሌት ተጠንቶ ወደ 200 ከፍ ብሏል። ለሠራተኞች የተፈቀደው 1,000 ስለሆነ የሕዝቡ ወሰን በአምስት እጥፍ የጠበቀ ነው። ለኤሌክትሪክ መስክ የተቀመጠው የሕዝብ ወሰን በሜትር 5 ኪሎ ቮልት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት የ1999 እ.ኤ.አ. የውሳኔ ሐሳብ በ100 ማይክሮ ቴስላ ላይ የተመሠረተ ነው።

እነዚህ ወሰኖች የሚከላከሉት በሳይንስ የተረጋገጠውን ወዲያውኑ የሚከሰት ጉዳት፣ ማለትም የነርቭና የጡንቻ መነቃቃትን ነው። የካንሰርን ጥያቄ ለመመለስ የወጡ አይደሉም። በዚህ ረገድ አንዳንድ ጥናቶች በመኖሪያ ቤት በአማካይ ከ0.3 እስከ 0.4 ማይክሮ ቴስላ በላይ ለሆነ መስክ በተጋለጡ ሕፃናት ላይ የደም ካንሰር በመጠኑ ከፍ ብሎ መታየቱን አመልክተዋል። በዚህም ምክንያት ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2002 እ.ኤ.አ. መስኩን «ካንሰር ሊያስከትል ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ ግን ማስረጃው የምክንያትና ውጤት ግንኙነትን ለማረጋገጥ በቂ አለመሆኑን ገልጿል፤ ወጪያቸው ዝቅተኛ የሆኑ የጥንቃቄ እርምጃዎች እንዲወሰዱም መክሯል።

ስዊዘርላንድ ሰዎች ረጅም ጊዜ በሚቆዩባቸው ቦታዎች ለአዳዲስ መስመሮች 1፣ ጣሊያን ደግሞ ለአዳዲስ ግንባታዎች 3 ማይክሮ ቴስላ የሚሉ ቁጥሮችን የመረጡት ከዚሁ የጥንቃቄ መርሕ ተነሥተው ነው። ስለዚህ አንድ ቤት ከ1 ማይክሮ ቴስላ በላይ ተለካበት ማለት ነዋሪው ተጎድቷል ማለት አይደለም፤ ከ200 በታች ሆነ ማለትም የረጅም ጊዜው ጥያቄ ሁሉ ተዘግቷል ማለት አይደለም።

ይህ ክርክር ገና ያልተቋጨ ቢሆንም፣ ምንም የማያከራክረው አደጋ ግን በኤሌክትሪክ መመታት ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዱ ሳይነካ እንኳ በአየር ላይ ዘሎ ሊገድል ይችላል። በመሆኑም ለመስመሩ በተከለለው ቦታ ውስጥ ቤት መሥራት፣ ረጅም ዛፍ መትከል፣ እሳት ማንደድ፣ ረጅም ብረት ወይም መሰላል አቁሞ መንቀሳቀስ ፈጽሞ አይገባም። ቤት ለመግዛት ወይም ለመገንባት ያሰቡ ተገልጋዮች ቦታው ከክልሉ ውጭ መሆኑን ከመስመሩ ባለቤት ተቋም አስቀድመው በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ይመከራሉ። ከመስመሩ መራቅ የተረጋገጠውን አደጋ ያስወግዳል፤ ገና በጥናት ላይ ያለውንም ስጋት ይቀንሳል።