ከሽጉጡ በፊት መዝገቡ

በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ከፔንታጎን ሲቲ የገበያ ማዕከል አጠገብ የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ኤጀንሲ ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። በአጭር ስሙ ዲኢኤ ይባላል። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልሱ የሐበሻ ታክሲ ነጂዎች አካባቢውን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። በአሌክሳንድሪያ፣ በፎልስ ቸርችና በኮሎምቢያ ፓይክ ዳር የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ፋርማሲስት ወይም የሒሳብ ባለሙያ እንዲሆኑላቸው ይመኛሉ። የፌዴራል የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል መርማሪነት ግን ከምኞቱ ዝርዝር ውስጥ እምብዛም አይገባም። ስሙ ሲነሳ ብዙዎች የሚታያቸው በር ሰብሮ የሚገባ፣ ጥይት የማይፈራ ጎልማሳ ብቻ ነው። ይህ ሥዕል ጎደሎ ነው፤ ጎደሎ በመሆኑም ለሥራው የተፈጠሩ ብዙ ወጣቶችን ከደጁ መልሷል።

ሥዕሉ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2015 ማሳየት የጀመረው «ናርኮስ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ሀቪየር ፔኛና ስቲቭ መርፊ የተባሉትን ሁለት የዲኢኤ መርማሪዎች በዓለም ዙሪያ አስተዋውቋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፓብሎ ኤስኮባር ግን ዲሴምበር 2 ቀን 1993 ሜዴዪን ውስጥ ጣሪያ ላይ የወደቀው በኮሎምቢያ ፖሊሶች እጅ ነው። መደበቂያው የታወቀውም ከልጁ ጋር በስልክ ሲነጋገር ሞገዱን ተከታትለው በደረሱበት ባለሙያዎች ነው። ከተኩሱ በፊት ረጅም የማዳመጥ፣ የመመዝገብና የማመሳከር ሥራ ነበር። ካሜራ የሚወደው የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ስለሆነ የቀረው ለተመልካች አይደርስም።

የሮበርት ማዙርን ታሪክ ያየ ሰው ሥራውን በሌላ ዓይን ያያል። ማዙር የጀመረው በአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ውስጥ የግብር ወንጀል በመመርመር ነው። ከዚያ ወደ ጉምሩክ ተዛወረ፤ በ1980ዎቹም ቦብ ሙሴላ የሚባል ባለሀብት ነኝ ብሎ ከሜዴዪን የኮኬይን ነጋዴዎች ገንዘብ አጣቢዎች ጋር ተወዳጀ። ዕፅ አልሸጠላቸውም። የሸጠላቸው በኮኬይን የተገኘን ጥሬ ገንዘብ በባንክ፣ በኩባንያና በብድር ስም እያዘዋወሩ ንጹሕ የማስመሰል ዕውቀት ነበር። በዚህ መንገድ ተጉዞ የደረሰው ቢሲሲአይ የተባለ ዓለም አቀፍ ባንክ ኃላፊዎች ዘንድ ነው። በኦክቶበር 1988 መርማሪዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ታምፓ አጠገብ፣ የሐሰት ሠርግ ደገሱ። ሙሽራው ማዙር፣ ሙሽራዋም ሌላ መርማሪ ነበረች፤ ከተለያየ አገር ለሠርጉ የመጡት ተጠርጣሪዎች በቁጥጥር ሥር ዋሉ። ባንኩ በ1990 ጥፋቱን አመነ፤ በ1991 የበርካታ አገሮች ተቆጣጣሪዎች ዘጉት። ማዙር በኋላ ዲኢኤ ገብቶ አገልግሏል። ይህ ሁሉ የተሠራው ሒሳብ ማንበብ በሚችል፣ ሲዋሹት ቁጥሩ የት ላይ እንደተዛባ በሚገባው ሰው ነው።

ሰነድ ሳይነበብ ሲቀር ደግሞ ምን እንደሚከተል ዌስት ቨርጂኒያ ምስክር ናት። በዚያ ግዛት ከርሚት የምትባል፣ የነዋሪዎቿ ቁጥር 400 ያህል የሆነ ትንሽ ከተማ አለች። በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በዚህች ከተማ ላለ አንድ ፋርማሲ 9 ሚሊዮን ገደማ የሃይድሮኮዶን እንክብል ተልኳል። ሃይድሮኮዶን ሱስ የሚያስይዝ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ነው። ነገሩን ለሕዝብ ያወጣው ኤሪክ አይር የተባለ የቻርልስተን ጋዜጠኛ ሲሆን፣ በ2017 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቶበታል። እሱ እንደጻፈው በስድስት ዓመት ውስጥ አከፋፋዮች ወደ ግዛቲቱ የላኩት የሃይድሮኮዶንና የኦክሲኮዶን እንክብል 780 ሚሊዮን ይደርሳል። የሚያስቆጨው መረጃው ከየት እንደተገኘ ሲታወቅ ነው። አከፋፋዮች የሚልኩትን እያንዳንዱን ጭነት ለዲኢኤ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ ቁጥሩ በራሱ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ተቆጣጣሪ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ዲኢኤ ለሕመም ማስታገሻው ቀውስ የሰጠው ምላሽ የዘገየ እንደነበር ገልጿል። መዝገቡ ነበረ፤ በጊዜው የተነሳበት ግን አልነበረም። በዚያ መዘግየት ስንት ቤት እንደፈረሰ ያሰበ ሰው የወረቀት ሥራን አይንቅም።

ብዙ ሰው በዲኢኤ ውስጥ ሽጉጥ ታጥቀው ከሚሠሩት ልዩ መርማሪዎች ሌላ መርማሪ ያለ አይመስለውም። አለ። ሕጋዊ መድኃኒት ከሐኪም፣ ከፋርማሲና ከአከፋፋይ እጅ ወጥቶ ወደ ጥቁር ገበያ እንዳይገባ የሚከታተሉ መርማሪዎች አሉ፤ ውሏቸው ከማዘዣ ወረቀት፣ ከመጋዘን ቆጠራና ከደረሰኝ ጋር ነው። ይህን ክፍል እስከ 2015 የመራው ጆ ራናዚሲ ፋርማሲስትም የሕግ ባለሙያም ነበር። ማክኬሰን የተባለው ግዙፍ አከፋፋይ አጠራጣሪ ትእዛዞችን ባለማሳወቁ ለቀረበበት ክስ በ2017 150 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ልፋት ነው። በፋርማሲ የተመረቀ ሐበሻ ወጣት ይህን ቢያነብ ትምህርቱ የሚያስኬደው ሲቪኤስ ፋርማሲ መደርደሪያ ድረስ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ከእንክብሉ ወደ ሄሮይን፣ ከሄሮይኑ ወደ ፈንታኒል የተደረገው ጉዞ አጭር ነበር። ከ2021 እስከ 2023 በአሜሪካ በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ሰዎች ከመጠን ባለፈ ዕፅ ሞተዋል። በ2024 ቁጥሩ ወደ 80,000 ገደማ ወርዷል። እንደ ዲኢኤ ገለጻ 2 ሚሊግራም ፈንታኒል ሰው ሊገድል ይችላል። ከሞቱት አንዱ የገዛው ከጓደኛ ጓደኛ፣ በስልክ መልእክት፣ እውነተኛ መድኃኒት መስሎ የተሠራ አንድ እንክብል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ስልክ ተነስቶ እንክብሉን እስከጨመቀው ማሽን ድረስ መድረስ የመርማሪው ፋንታ ነው።

ታዲያ በሩ እንዴት ይከፈታል? ለልዩ መርማሪነት የሚያመለክት ሰው የአሜሪካ ዜጋ መሆን፣ ሲቀጠር ዕድሜው 21 የሞላና 37 ያልሞላ መሆን ይጠበቅበታል። ዜግነቱን በመሐላ ያገኘም ይችላል። ከተቀጠረ በኋላ ወደተመደበበት ቦታ ሁሉ እንደሚሄድ ይፈርማል። የጽሑፍና የቃል ፈተና፣ የሩጫና የጥንካሬ ፈተና፣ የጤናና የሥነ ልቡና ምርመራ አለ። ያለፈው ኳንቲኮ በሚገኘው ማሠልጠኛ አራት ወር ገደማ ይቆያል፤ ተኩስ ይማራል፣ ሰው መከታተል ይማራል፣ ሪፖርት መጻፍና ፍርድ ቤት ቆሞ መመስከርም ይማራል። ግዴታ ያለበት የጡረታ ዕድሜ 57 ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ስለ ራስ እውነቱን መናገር ነው። አመልካቹ በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ፊት ይቀመጣል። የኖረባቸው አድራሻዎች፣ የሠራባቸው ቦታዎች፣ ዕዳው፣ ጉዞው፣ በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቹ ሁሉ በቅጽ ይሞላሉ፤ ጎረቤትና የቀድሞ አለቃ ይጠየቃል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ለውጭ አገር ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርጎ ያውቅ እንደሆነ ነው። እዚህ ላይ የኛ ልጆች ይደነግጣሉ። በየወሩ ለእናቱ፣ ለአክስቱ፣ ለታናሽ ወንድሙ የትምህርት ቤት ክፍያ የማይልክ ማን አለ? ገንዘብ መላኩም፣ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ዘመድ መኖሩም ብቻውን ሰውን ወንጀለኛ አያደርግም። መደበቁ ነው የሚጥለው። «ገበናህን ለሰው አትንገር» ተብሎ ላደገ ልጅ ይህ ከሩጫው ፈተና ይልቅ ይከብዳል፤ ቤተሰቡ አስቀድሞ ሊያውቅለት የሚገባውም ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ ማጣራት ለምን እንዳስፈለገ ሆዜ ኢሪሳሪ አሳይቷል። አሶሼትድ ፕሬስ እንደዘገበው ኢሪሳሪ በ2009 ዲኢኤ ሲገባ የውሸት መመርመሪያው አጠራጣሪ ምልክት አሳይቶ ነበር፤ በዕዳ ተዘፍቆ መክሰሩን በፍርድ ቤት ያስመዘገበ ሰውም ነበር። እንዲያም ሆኖ ማያሚና ካርታሄና ላይ ተመድቦ ገንዘብ አጣቢዎችን እንዲያሳድድ ተሾመ፤ እሱ ግን በምርመራ ስም የተከፈቱ ሒሳቦችን ለራሱና ለግብረ አበሮቹ አዋላቸው፤ ጌጣጌጥ፣ ውድ መኪናና ቤት ገዛባቸው። በ2020 በ19 ክሶች ጥፋተኝነቱን አመነ፤ በ2021 መጨረሻ ከ12 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት። ምልክቱን አይተው ያሳለፉት ሰዎች ከእሱ ያልተናነሰ ጥያቄ ሊጠየቁ ይገባ ነበር።

አደጋውንም መሸፋፈን አይገባም። ኤንሪኬ ካማሬና፣ ባልደረቦቹ ኪኪ የሚሉት፣ ሜክሲኮ ውስጥ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ የስደተኛ ልጅ ነበር። የማሪን ኮር ወታደር፣ ከዚያም ፖሊስ ሆኖ ሠርቶ በ1974 ዲኢኤ ገባ። ጓዳላሃራ ተመድቦ የማሪዋና እርሻዎችን ሲከታተል ቆየ፤ በኖቬምበር 1984 የሜክሲኮ ወታደሮች ቺዋዋ ውስጥ ቡፋሎ የተባለውን ሰፊ እርሻ አወደሙ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1985 ካማሬና ከባለቤቱ ጋር ምሳ ሊበላ ከአሜሪካ ቆንስላ ሲወጣ ታፈነ። አስከሬኑ የተገኘው አብሮት ይሠራ ከነበረው አብራሪ ከአልፍሬዶ ሳቫላ አስከሬን ጋር በማርች መጀመሪያ ነው። የካማሬና ዕድሜ 37 ነበር። ከተከሰሱት ዋና ዋናዎች አንዱ ራፋኤል ካሮ ኪንቴሮ ሜክሲኮ ውስጥ 28 ዓመት ታስሮ በ2013 ተፈታ፤ በ2022 እንደገና ተያዘ፤ በፌብሩዋሪ 2025 ለአሜሪካ ተላልፎ ተሰጠ። የካማሬና ባልደረቦች ፋይሉን 40 ዓመት ያህል አልዘጉትም። ልጁ ወደዚህ ሥራ እንዳይገባ የሚከለክል ወላጅ ምክንያት የለውም ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ የኛን ጓዳ የሚነካ ጉዳይ አለ፤ ጫት። በኢትዮጵያ ጫት ሕጋዊ ነው፤ አወዳይ ገበያ ቀን ከሌት ይነገድበታል፤ ለአገሪቱም የውጭ ምንዛሬ ያስገኛል። በአሜሪካ ሕግ ግን ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንደኛው፣ በጣም ጥብቅ በሆነው ምድብ ውስጥ ተመዝግቧል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ካቲን ይለወጣል፤ ካቲን ደግሞ በአራተኛው፣ ቀለል ባለው ምድብ ነው። በአወዳይ የጫቱን ዋጋ የሚያስወድደው ትኩስነት በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ክሱን ያከብደዋል ማለት ነው። በጁላይ 2006 ዲኢኤና አጋሮቹ «ሶማሊያ ኤክስፕረስ» ባሉት ዘመቻ ከአፍሪካ ቀንድ ጫት አስገብተዋል ያሏቸውን 44 ሰዎች ከሰሱ። በእንዲህ ያሉ ክሶች ፍርድ ቤቶችን ያከራከረው አንድ ነጥብ ተከሳሹ ቅጠሉ ውስጥ የተከለከለ ንጥረ ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር ወይ የሚለው ነው። በሕጉ ላይ «ጫት» የሚል ቃል በቀጥታ ስላልሰፈረ ጥያቄው ዋዛ አልነበረም።

በእንዲህ ያለው ምርመራ ክፍል ውስጥ ስለ በርጫ የሚያውቅ ሰው ቢቀመጥ ምን ያህል ነገር ይለወጣል! ለሠርግና ለለቅሶ የሚቃምን ቅጠል ከተደራጀ የወንጀል ንግድ የሚለይ፣ የአዛውንቱን ዝምታ ከጥፋተኛ ዝምታ ጋር የማያምታታ፣ አስተርጓሚ ያጠፋውን ቃል የሚያርም መርማሪ ለአቃቤ ሕጉም ለተከሳሹም ይጠቅማል። ይህ ወገንን መደበቅ አይደለም። እውነቱን በትክክል መመዝገብ ነው፤ ከተመዘገበ በኋላ ጥፋተኛው ሐበሻም ቢሆን ጥፋተኛ ነው። ወደዚህ ሥራ ሊገባ የሚያስብ ልጅ በዚህ ላይ ልቡን ቀድሞ መወሰን አለበት። በሥራው ዘመን የሚያውቀውን ሰው ስም ፋይል ላይ ሊያገኘው ይችላልና።

የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ለወላጆች የሚለው አለ። ልጅዎ ፋርማሲ፣ ሒሳብ፣ ኬሚስትሪ ወይም ሕግ አጥንቶ ይህን ሙያ ቢያነሳ «ምነው ልጄ፣ ሌላ ሥራ ጠፋ?» ብለው አይዝጉበት። ተቀምጠው ይጠይቁት፤ የሚሰጉበትን ይንገሩት፤ እሱም ያስብበት። እናንተ ልጆች ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የኖራችሁበትን አድራሻ፣ የሠራችሁበትን ቦታ፣ የተጓዛችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ፤ ዕዳችሁን አስተካክሉ፤ አማርኛችሁን፣ ኦሮምኛችሁን፣ ሶማሊኛችሁን አትጣሉ። የማጣራቱ ሂደት ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ 37ኛው ልደት ካለፈ በኋላ ደግሞ ለልዩ መርማሪነት መቀጠር ባብዛኛው አይቻልም።