ክረምቱ ሊወጣ ሲል

ይህ እትም የሚደርሳችሁ በጳጉሜን ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም፣ አደይ ግን መፍካት ጀምሯል። ርዕሳችን በየሰፈራችን እያየን የምናልፋቸው የዱር እንስሳት ናቸው።

ብዙዎቻችን የመስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስለናል። ወፉ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ወንዱ በበጋ እንደ ሴቷ ቡናማ ስለሚሆን ከድንቢጥ አንለየውም፤ በክረምት የመራቢያው ወቅት ሲደርስ ግን እንደየዝርያው ጥቁርና ቢጫ ወይም ጥቁርና ቀይ ላባ ያበቅላል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራም (በየቆሻሻው ገንዳ ስለምናየው ንቀነዋል) መኖሪያው የአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጸጋ ደጃችን ላይ እያለ አለማየታችን ያሳዝነኛል።

እባካችሁ፣ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ አንድ ማለዳ ታክሲውን ትታችሁ በእግር ሂዱ፤ ያያችሁትንም ጻፉልን።