ድንጋዩ ከአገር፣ ሬንጁ ከባሕር ማዶ፦ የአስፋልት መንገድ ዕድሜ በምን ይወሰናል?

የአስፋልት መንገድ ለአርሶ አደሩ ምርቱን ሳይበላሽ ለገበያ፣ ወላድን ሳይረፍድ ለሐኪም ማድረሻ ነው፤ የከተማ ነዋሪው የሚከፍለው የትራንስፖርት ታሪፍና የሸቀጥ ዋጋም ከመንገዱ ደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንዱ መንገድ ለዓመታት ሲጠበቅ ይቆይና ከተሠራ በኋላ ጥቂት ክረምቶችን እንኳ ሳይሻገር ይቦረቦራል። ምክንያቱን ለመረዳት ከቁሳቁሱ ባሕርይ መነሣት ይገባል።

በመንገድ ላይ የሚነጠፈው አስፋልት ድብልቅ ነው። ከክብደቱ 95 በመቶ ገደማው የተፈጨ ድንጋይና አሸዋ ሲኾን፣ ቀሪው 5 በመቶ ገደማ ሕዝቡ ሬንጅ የሚለው ጥቁር ማጣበቂያ ነው። ድንጋዩ በአገር ውስጥ ሞልቷል። ሬንጅ ግን ድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ ቤንዚን፣ ናፍጣና ሌሎች ቀላል ምርቶች ከወጡለት በኋላ ከሥር የሚቀረው ወፍራም ቅሪት ነው። ስለዚህ ዋነኞቹ የሬንጅ አቅራቢዎች እንደ ሼል፣ ቶታል ኢነርጂስና ኤክሶን ሞቢል ያሉ ማጣሪያ ያላቸው የነዳጅ ኩባንያዎች ናቸው።

ኢትዮጵያ ትገለገልበት የነበረው የአሰብ ማጣሪያ ኤርትራ ከተለየች በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1997 ሥራ አቁሟል። በመኾኑም ለመንገድ የሚውለው ሬንጅ በውጭ ምንዛሪ እየተገዛ ይገባል። መጠኑ ቀላል አይደለም። ሰባት ሜትር ስፋትና አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ንጣፍ ከ800 ቶን በላይ ድብልቅ ይፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ 40 ቶን ወይም 400 ኩንታል ያህሉ ሬንጅ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ግብይት በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። የሬንጁ ዋጋ በዶላር ባለበት ቢቆይ እንኳ በብር ሲሰላ በእጥፍ ገደማ ጨምሯል ማለት ነው።

በአገር ውስጥ አስፋልት ያመርታሉ የሚባሉት የመንገድ ሥራ ተቋራጮችና ድርጅቶች በዋናነት የሚሠሩት የማደባለቁን ሥራ ነው። በድንጋይ ካባ አቅራቢያ ማምረቻ ይተክላሉ፤ ጠጠሩን አድርቀውና አግለው ከሬንጅ ጋር በ150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ያዋሕዳሉ። ድብልቁ ሳይቀዘቅዝ ተጓጉዞ፣ ተነጥፎና በሩሎ ተዳምጦ ማለቅ አለበት። ከማምረቻ የራቀች አነስተኛ ከተማ ጥቂት ጉድጓዶችን ለማስደፈን የምትቸገረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለጥቂት ቶን ሲባል ትልቁን ማምረቻ ማንቀሳቀስ አያዋጣም።

በመስከረም 2018 ዓ.ም በሶማሌ ክልል ጎዴ የነዳጅ ማጣሪያ መሠረተ ድንጋይ መቀመጡ ተስፋ ሰጪ ነው። ኾኖም ማጣሪያ ሁሉ ሬንጅ አምራች አይደለም። ሬንጅ በብዛት የሚገኘው ከከባድ ድፍድፍ ሲኾን፣ ከቀላል ድፍድፍ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ የማጣሪያው መገንባት ብቻውን የሬንጅ ችግርን እንደሚፈታ አድርጎ መጠበቅ አይገባም።

በእጅ ያለው መፍትሔ በውድ የተነጠፈውን መጠበቅ ነው። የአስፋልት ቀዳሚ ጠላት ውኃ ነው። በስንጥቅ የገባ ውኃ ከሥር ያለውን አፈር ያለሰልሳል፤ ከላይ መኪና ሲጫነው ንጣፉ ይሰምጣል። ሁለተኛው ጠላት ከመጠን ያለፈ ጭነት ነው። አንድ አክስል የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ሲኾን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ ብቻ አይኾንም፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ዛሬ አብዝቶ በመጫን የተገኘ ትርፍ ነገ ሁሉም የሚከፍለው ዕዳ ነው።

በከተሞች ቦዮች በፕላስቲክና በቆሻሻ ይደፈናሉ፤ ለውኃ መስመር የተቆፈረ አስፋልትም በወጉ ሳይመለስ ይቀራል። በገጠር ደግሞ ጉዳዩ ሁለት ገጽ አለው። አንዳንድ አርሶ አደሮች ወደ ማሳቸው መሻገሪያ ለማበጀት ቦዩን በአፈር ይደፍናሉ። በሌላ በኩል ከመንገዱ ሥር የሚያልፈው ቱቦ ውኃውን እስከ ወንዝ ሳያደርስ ማሳ ላይ ሲለቀው መሬቱ ቦረቦር ይኾናል፤ ባለማሳውም ውኃውን ለመመለስ ይገደዳል። እዚህ ላይ ጥፋቱን በአርሶ አደሩ ላይ ብቻ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። የውኃው መውረጃ በድንጋይ ተገንብቶ ተፈጥሯዊ መፍሰሻውን እንዲያገኝ ማድረግ የመንገድ ሥራው አካል ነው፤ ገንቢውም ተቆጣጣሪውም ሊጠየቁበት ይገባል።

የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም በዐዋጅ የተቋቋመው በዋናነት ከነዳጅ ሽያጭ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ የጥገና ወጪን ለመሸፈን ነው። ይህም ናፍጣ የሚቀዳው አሽከርካሪ፣ በታሪፉም በኩል ተሳፋሪውና እህል ጫኙ ለጥገና አስቀድመው እየከፈሉ መኾናቸውን ያሳያል። ስለዚህ ጥገናን በወቅቱ መጠየቅ መብታቸው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ቦይ መጥረግና ስንጥቅ መድፈን ክረምት ሳይገባ ሲከናወን ወጪው አነስተኛ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ግን ያው 400 ኩንታል ሬንጅ እንደገና በዶላር ይገዛል።