በደጋ አገር የበግን ጋጣ ከነፋስና ከዝናም ስለ መጠበቅ

ስለ በግ ርባታ ከየወረዳው የሚቀርበው መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስንት የተመረጠ አውራ እንደ ተከፋፈለና ስንት መንጋ መድኃኒት እንደ ጠጣ ነው። ይህ መልካም ሥራ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን በመንዝና በዙሪያው ባለው ደጋ ግልገልን ከሚጨርሱት ምክንያቶች ዋነኛው የሳንባ ምች መሆኑ በ1980ዎቹ ዓመታት በደብረ ብርሃን በተደረገው ምርመራ ታውቆ ሳለ፣ በጎቹ ስለሚያድሩበት ስፍራ አንድ ቃል እንኳ ሳይነሣ መቅረቱ የሚያስገርም ነው። ከተመረጠ አውራ የተወለደ ግልገል በእርጥብ ጋጣ ቢያድር እንደ ማንኛውም ግልገል ይሞታል፤ ለአውራው የወጣውም ገንዘብ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ የጋጣው ነገር ከአውራው መቅደም አለበት እንላለን።

የመንዝ በግ ብርድን የለመደ ነው። በርኖስና ባና የሚሠራበት ጠጕሩ ደረቅ ሲሆን በመካከሉ አየር ስለሚይዝ የሰውነቱን ሙቀት ይጠብቅለታል፤ ዝናም ዘልቆት ነፋስ ሲመታው ግን ይህ ጥቅሙ ይጠፋል። እንግዲህ በግን አብዝቶ የሚጐዳው ብርዱ ብቻውን ሳይሆን፣ እርጥበትና ነፋስ ሲተባበሩበት ነው። ጥንቸል ለሚያረቡ ሰዎችም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ግልገል ደግሞ ክብደቱ ከ2 ኪሎ እምብዛም ሳይበልጥ፣ እርጥብ ሆኖ ይወለዳል፤ በሰውነቱ ያለው ስንቅም ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚበቃ ነው። እናቱ ልሳ ሳታደርቀውና እንገሩን ሳይጠባ ነፋስ ካገኘው ይደነዝዛል፤ የደነዘዘም ጡት መያዝ አይችልም። በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት የሚወለደው ሁሉ ይህ አደጋ አለበት።

ይህን የሰማ ሹም ፈጥኖ የሚያዘው ጋጣው በአራቱም ወገን እንዲመረግና ቀዳዳው ሁሉ እንዲደፈን ነው። በእኛ አስተያየት ከዚህ የባሰ ትእዛዝ የለም። ከሽንትና ከበጠጥ የሚነሣው አሞኒያ የተባለው መርዘኛ አየር መውጫ ሲያጣ የግልገሉን ሳንባ ያቆስላል፤ የበጎቹም እስትንፋስ በጣራው ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠብባቸዋል። ሹሙ ሊመረምር ሲሄድ ከደጅ ቆሞ ከሚመለስ፣ ማለዳ በጎቹ ሳይወጡ ገብቶ እስከ ግልገሉ ቁመት ዝቅ ብሎ ቢያሸት ይሻላል፤ ልብሱ ቢቆሽሽም ግድ የለም። ዐይኑ ካነባ ጋጣው ታፍኗል ማለት ነው።

ነፋስ በሚመጣበት ወገን ያለው ግድግዳ ከበጎቹ ቁመት በላይ ድረስ ይመረግ፤ ክፉው አየር እንዲወጣ ግን ከክፈፉ በታች አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ይተው። በሩ ነፋስ በማይመታው ወገን ይሁን። ክፈፉ ከግድግዳው አንድ ክንድ ወጣ ይበል፤ ወለሉም ወደ ደጅ ዘንበል ብሎ የገብስ ገለባ ይጐዝጐዝበት። ከተዳፋቱ በላይ በኩል ቦይ ካልተቆፈረ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጐርፉ ከሥር ይገባልና። የነፋሱ አቅጣጫ በበጋና በክረምት፣ ከሸለቆ ሸለቆም ስለሚለያይ፣ ከከተማ አንድ ንድፍ ተስሎ ለሁሉ ቢላክ አይረባም። የየቀበሌው እረኞች ያውቁታልና እነርሱ ይጠየቁ።

ስለ በረቱ አጥር ግን ባላገሩ ከመሐንዲስ ቀድሞ የሠራበት ነገር አለ። ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ ካብ ነፋሱን በጥቂቱ እያሳለፈ ኀይሉን ይሰብረዋል፤ ፈጽሞ የተደፈነ ግንብ ግን ነፋሱ በላዩ ዘሎ ከኋላው እየተሽከረከረ እንዲወርድ ያደርጋል። የካቡ ከለላ ከቁመቱ እስከ 10 እጥፍ ስለሚደርስ፣ 2 ሜትር ከፍታ ያለው ካብ እስከ 20 ሜትር ድረስ ነፋሱን ያበርዳል። ስለዚህ ይህን ካብ በሲሚንቶ ለመተካት የሚደክም ሁሉ ገንዘቡንም ከለላውንም ያጠፋል።

ጣራው ቆርቆሮ ቢሆን ዝናሙን ያስጥላል፤ ነገር ግን ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ጤዛው ከእርሱ ይወርዳል። የጓሳ ሣር ክዳን ከዚህ ይሻላል። በመንዝ ጓሳ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የሣር ምድር ከጥንት ጀምሮ በቄሮ ሥርዐት እየተጠበቀ፣ አንዳንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። ሥርዐቱ በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ዛሬ ስፍራውን ነዋሪዎቹ በማኅበር ይጠብቁታል። ከወረዳ ሹማምንት የሚፈለገው ለክዳን የሚሆነው ሣር ለድኾችና ባል ለሞተባቸው ሴቶች ጭምር እንዲደርስ ከማኅበሩ ጋራ መመካከር ነው፤ ጣራቸው የሚያፈስባቸው እነርሱ ናቸውና። ብዙ መንጋ ያላቸው ባለ ይዞታዎችም አጫጅና መጓጓዣ በማበደር ሊረዱ ይችላሉ።

ክዳኑና ካቡ ግንቦት ሳያልቅ መፈጸም አለባቸው። ቦዩን ግን ሐምሌ ከገባ በኋላም ቢሆን ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ይቆፍሩታል።