ገማቹ ዳኛ አይሁን

በተለምዶ የጣሪያና የግድግዳ ግብር የምንለው መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነበር፤ ሒሳቡም ቤቱ በዓመት ያወጣል ተብሎ በሚገመተው ኪራይ ይሠራ ነበር። አዲስ አበባም በ2015 ዓ.ም. ይህን ግምት ከፍ አደረገች።

ከተማ መንገድና የውኃ ማፍሰሻ የሚያገኘው በግብር ነውና ግብር አይከፈል አንልም። ክርክራችን ከግምቱ ጋር ነው። በጡረታ የምትተዳደር እናት ሠፈሯ ፎቅ ስለበቀለበት የጭቃ ቤቷ ግምት ይወጣል፤ ጡረታዋ ግን አይወጣም። አቤት ስትል ሰሚው ያው የገመተው መሥሪያ ቤት ከሆነ አቤቱታዋ በእርግጥ ለግድግዳ ነው።

የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለይግባኝ ኮሚሽን የሚያመለክት ሰው ከሚከራከርበት ታክስ 50 በመቶውን አስቀድሞ እንዲከፍል ደነገገ። ለነጋዴ የተቆረጠ ይህ ልክ በእኒህ እናት ላይ ቢጫን ይግባኝ የባለጸጋ መብት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን፦ የእያንዳንዱ ቤት ግምት ከነስሌቱ በወረዳው ይለጠፍ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ያስተያየው። ይግባኝ ሰሚው ከገማቹ ይለይ። ድኻም አስቀድሞ ሳይከፍል ይሰማ። ሕግና ኤኮኖሚ የምንማር ጓደኞች ሆይ፣ ለሠፈራችን ሰው አቤቱታ መጻፍ ከዛሬ እንጀምር።