ቆሞ የነበረ መኪና ሁሉ ንጹሕ አይደለም



እንደሚታወቀው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ እድራችን ጽሕፈት ቤት የሚመጣው ክርክር አብዛኛው የመኪና ሆኗል። ቀድሞ የሚበዛው የአጥርና የፍሳሽ ቦይ ጠብ ነበር። አሁን ግን ስፖኪዮ ተሰበረ፣ ፍሬቻ ረገፈ፣ በሬን ዘግቶ አደረ፣ ጎማዬን አስተነፈሱት የሚል ነው። ሽማግሌዎቻችን ለቅሶ ቤት እንኳ ተረጋግተው መቀመጥ አልቻሉም፤ ከሳሽም ተከሳሽም ድንኳን ድረስ እየመጣ «እስቲ ይፍረዱኝ» ይላልና።

መኪናው ለምን እንደበዛብን ሁላችንም እናውቃለን። ሰፈራችን የመርካቶ ጓሮ ነው። ወደ ሰባተኛም ሆነ ወደ ጎጃም በረንዳ ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው ማቆሚያ ሲያጣ ወደኛ መንገድ ይገባል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከባድ የጭነት መኪና ቀን ቀን በከተማው ውስጥ እንዳይዘዋወር ሲከለከል ደግሞ የማራገፉ ሥራ ወደ ሌሊት ዞረ፤ ሰዓት የሚጠብቀውም መኪና ከሰው በር ላይ መተኛት ለመደ። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በእንግዳ ላይ መደፍደፍ አይገባም። ከክርክሩ ግማሽ ያህሉ የራሳችን ሰዎች ነው። ግቢዬ ጠባብ ነው ብሎ የመንግሥቱን መንገድ ግቢው ያደረገ ጎረቤት አለን፤ ስሙን አልጽፍም፣ እሱም ይኼን ያነበዋል።

ባለመኪናው ሁልጊዜ አንድ ቃል አለው። «የኔ መኪና ቆማ ነበር፤ መጥቶ የነካት እሱ ነው፤ ይክፈል» ይላል። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። እኔ ግን የት ቆማ ነበር? ብዬ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። አንድ ተሸካሚ ልጅ ቦንዳ ተሸክሞ ሲመጣ የእግረኛው መንገድ በመኪና ተዘግቶ አገኘው። በግንቡና በመኪናው መሐል ሊሾልክ ሲል ቦንዳው ስፖኪዮውን ገንጥሎ ጣለው። ባለቤቱ ወጥቶ መታወቂያውን ቀማው። የስፖኪዮው ዋጋ ሲነገር ልጁ ዝም ብሎ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ስንት ቀን ተሸክሞ እንደሚከፍለው ሲያሰላ ይሆናል። የተሰበሰበውም ሰው «የሰበረ ይክፈል» ብሎ ፈረደበት። እስቲ ይታያችሁ! ያንን ሁሉ በጀርባው ተሸክሞ በመኪናው ላይ ይብረር? ወይስ አስፋልት ወርዶ ታክሲ ይግጨው? መታወቂያ መቀማትስ ከመቼ ወዲህ የባለመኪና ሥራ ሆነ?

በእድሩ ቁም ሣጥን ውስጥ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መጽሐፍ አለ፤ ማንኛውም አባል መጥቶ ማየት ይችላል። በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይካሳል። ይኼን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው አንቀጽ 2098 ነው። ይኸውም ጉዳቱ በከፊል የደረሰው በተጎጂው በራሱ ጥፋት እንደሆነ፣ ተጎጂው የሚያገኘው ካሣ ከፊሉን ብቻ ነው ማለት ነው። ሁለት መኪና ሲጋጩም በአንቀጽ 2084 መሠረት ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሾፌር መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ኪሣራውን እኩል ይካፈላሉ። እንግዲህ በእግረኛ መንገድ፣ በሰው በር ወይም በመታጠፊያ አፍ ላይ ያቆመ ሰው ሞተሩን ስላጠፋ ብቻ ጥፋት የለበትም አይባልም።

ይህን በማለቴ ደስ የሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ሌሊት በምስማር ላሜራ የሚጭረው ማለቴ ነው። እሱም ቢሆን ይስማ። የሰው ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 689 ያስቀጣል። በሩ የተዘጋበት ሰው ትራፊክ ፖሊስ ይጥራ እንጂ ጎማ አያስተንፍስ። የልጆች ኳስ መስታወት ሲሰብርም «ልጅ ነው እኮ» ማለት አያድንም፤ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱ ኃላፊ መሆኑ በአንቀጽ 2124 ተጽፏል። ዘበኛውንም ተዉት። የሰፈር ዘበኛ ነው እንጂ የመኪና ዋስ አይደለም።

የስፖኪዮስ ነገር በገንዘብ ያልቃል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል የአካባቢው መጨናነቅና የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ መኪናዎችን ሥራ እንዳስቸገረ ሁላችንም ሰምተናል። ጭሱንም ከዚሁ ሆነን አይተናል። የኛ ቤት ደግሞ አብዛኛው ጭቃና እንጨት ነው፤ ጣሪያ ከጣሪያ የተያያዘ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከቦኖው እስከ ዋናው መንገድ ወጥታችሁ ብታዩ በግራም በቀኝም መኪና ቆሟል፤ መሐሉ ጋሪ እንኳ አያሳልፍም። የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ሁለት ጊዜ መጥቶ ሳይገባ ተመልሷል። በሰኔ ወር ያረፉት እናታችን አስከሬንም መኪናው መግባት ስላልቻለ እስከ አስፋልቱ በትከሻ ነው የወጣው። ያን ዕለት መንገዱን የዘጋው ባለመኪና እኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሽማግሌዎቻችን የመኪና ክርክር ሲቀርብላቸው ማን ነካ ከማለታቸው በፊት የት ቆሞ ነበር ብለው ይጠይቁ። መንገድ ዘግቶ የቆመ ከሆነ ቢያንስ ግማሹን ራሱ ይቻል፤ ከተሸካሚና ከጋሪ ገፊ ጋር ሲሆንማ ሙሉውን ቢችል ይሻላል ባይ ነኝ። ከቦኖው እስከ ዋናው መንገድ ያለው የግራ በኩል ቀንም ሌሊትም ባዶ ይሁን። የሚያቆምም ሰው ስልክ ቁጥሩን በመስታወቱ ላይ ጽፎ ይተው፤ ሌሊት በር ለበር እየዞሩ «የማን መኪና ነው?» ማለት ሰልችቶናል።

ሐሳቡ በመጪው ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለውይይት ይቀርባል። የማይስማማ አባል መጥቶ ይናገር፤ ወይም ጽፎ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ብቻ ይኼንን ወረቀት ቀዶ በላዩ አይለጥፍ፤ በታች በኩል ቦታ አለ።

የእድሩ ጸሐፊ