ፊደላችን አልሰፋም፣ ሳጥኑ ነው የጠበበው!

ዛሬ እዚህ ሀይሌ ጋርመንት ተማሪዎቼ የስም ዝርዝር ተርሚናል ላይ አወጡ። «ጫ» እና «ሜ» ጎናቸው ካለው ፊደል ጋር ተደራርበው ቁጭ! «ቲቸር፣ ኮምፒውተር አማርኛ አይችልም እንዴ?» አለኝ አንዱ።

ይችላል እንጂ! ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ተርሚናሉ ግን ለቻይና ፊደል ሁለት ሳጥን እየሰጠ፣ ለ«ጫ» ለላቲን የተለካችውን አንዷን ይሰጣል። የበዓሉን «ገና፟» ከ«ገና አልመጣም» የምትለየው የማጥበቂያ ምልክትማ ከፊደሉ አናት ወርዳ ብቻዋን ትንከራተታለች።

«በእንግሊዝኛ ጻፉት» የምትሉ፣ ተዉን! ስሙ ተቆርጦ ያየ ልጅ የሚያፍረው በፕሮግራሙ ሳይሆን በቋንቋው ነው።

ኮድ የምትጽፉ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የቤት ሥራ አለባችሁ፦ ሥራችሁን በ«ጫ» ሞክሩት። ከተበላሸ ስክሪንሹት አንስታችሁ ለሠሪዎቹ ላኩ። ዝም ካልን ማን ያውቅልናል?